ክርክር፦ የምናባዊው ዓለም የጠረጴዛ ጦርነት ለደስታ ሲባል ዛሬም መጫወት ይገባዋልን?

አስተባባሪ፦ ጥያቄው አጭር ነው። ድንኮችን፣ ኤልፎችን፣ ኦርኮችንና አጽሞችን የመሳሰሉ የተረት ፍጡራንን በትንንሽ ምስሎች አሰልፎ በዳይስና በኢንች መለኪያ የሚካሄደው የጠረጴዛ ጦርነት፣ ዋንጫ ለማይፈልግና መዝናናት ብቻ ለሚሻ ሰው ዛሬም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነውን? ሐሳብን ተቹ፣ ሰውን አትስደቡ።

አንጋፋው፦ እኔ አይገባውም ባይ ነኝ። ከሩቅ አይቼ የምናገር እንዳይመስላችሁ፤ ምስሎቹ ከእርሳስ ቀልጠው በሚሠሩበት ዘመን የጀመርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ሁለት ተጫዋቾች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ነጥብ?» የሚል ነው፤ እያንዳንዱ ጓድ፣ ማለትም አብሮ የሚንቀሳቀስ የወታደሮች ቡድን፣ በሕጉ የነጥብ ዋጋ ስላለው ጦራችን በድምር ስንት ይሁን ማለታቸው ነው። ሁለት ሺህ ይባባላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ የትኛው ጓድ ለነጥቡ ብዙ ይገድላል፣ የትኛው ጀግና ከየትኛው አስማተኛ ጋር ቢጣመር አይበገርም እያለ ዝርዝሩን ያሰላል። ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርሱ ውጊያው አልቋል። በሁለተኛው ዙር አሸናፊው ይለያል፤ ተሸናፊው ግን እስከ ስድስተኛው ዙር ሬሳ ሲለቅም ይቆያል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሕጉ አለመጽናቱ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ የሆነው የምናባዊው ዓለም ዋርሀመር እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ፤ በ2010 ስምንተኛው እትም ላይ ደረሰ። ይህ እትም በግንባሩ ዐሥር ሰው ያሰለፈ ጓድ አንድ ተጨማሪ ረድፍ እንዲያዋጋ ፈቀደለት። ከጠላቱ የበለጠ ረድፍ ያለው ጓድ ደግሞ ቢሸነፍም በቀላሉ እንዳይሸሽ አደረገ። ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ሃያ ሰው የነበረው ጓድ አርባና ሃምሳ ሆነ። ያን ሁሉ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ ላሰለፈ ሰው ምን ተዘጋጀለት? እያንዳንዱ ወታደር በዳይስ የጉልበት ፈተና እንዲወስድ የሚያስገድድ ድግምት! ፈተናውን የወደቀ፣ ጥሩር ይልበስ ጋሻ ይያዝ፣ ያለ ምንም መከላከያ ይሞታል። በ2015 ደግሞ ያ ዓለም እንዳለ ፈርሶ «ኤጅ ኦፍ ሲግማር» የተባለ አዲስ ጨዋታ ተተካበት። ለደስታ የሚጫወት ሰው ደስታው ከዚህ ውስጥ የትኛው ላይ እንደሆነ አስረዱኝ።

ባለብሩሿ፦ አንጋፋው፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የከሰሱት አሳታሚውን እንጂ ጨዋታውን አይደለም። አዲስ እትም ሲወጣ ማንም በሌሊት መጥቶ አሮጌውን መጽሐፍ ከመደርደሪያዎ አልወሰደም። ስድስተኛውን እትም የሚወድ በስድስተኛው ይጫወት። ከ2015 በኋላ እኮ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተሰባስበው «ዘ ናይንዝ ኤጅ» የሚባል ሕግ ጽፈዋል፤ ከዚያ አስቀድሞም ማንቲክ የተባለው ድርጅት «ኪንግስ ኦፍ ዋር» የሚባለውን ተመሳሳይ ጨዋታ አውጥቶ ነበር።

እኔ ከመጫወቴ ይልቅ ቀለም መቀባቴ ይበልጣል፤ ስለዚህ ስለምስሉ ልናገር። አንድን ጓድ ከጫማው ጫፍ እስከ ዓይኑ ብሌን በእጄ ሠርቼ ሳሰልፈው፣ በዳይስ ክፋት ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ በእውነት ይቆጨኛል። ያ ቁጭት ነው ደስታው። ያልተቀባ ግራጫ ፕላስቲክ ሲሸሽ ግን ዕቃ ከቦታ ቦታ እንደተዛወረ ያህል ነው። ታዲያ ጥያቄው «ይገባዋል ወይ» ከሆነ፣ ለእኔ የሚገባው ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር የእኔ ስለሆነ ነው። (ጀርባዬን እንደሚያመኝ አልክድም።)

አዲስ ገብ፦ እኔ ገና ጀማሪ ስለሆንኩ ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ኮምፒውተር ይህን ሁሉ በቅጽበት ያሰላል፤ ሺህ ወታደር ያንቀሳቅሳል፤ ስለ ሕግም አይጨቃጨቅም። የመጀመሪያ ጨዋታዬን የተጫወትኩት ብዙ ልምድ ካለው ሰው ጋር ነበር። «ለመዝናናት ነው» ብሎኝ ጀመርን፤ ከዚያ ፈረሰኞቼን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር መለኪያውን ይዞ ይመጣል፣ መጽሐፍ ይገልጣል፣ «መልስ» ይለኛል። አልዋሸም፤ ሕጉ እሱ እንዳለው ነበር። ግን ያን ቀን የተዝናናው ማን እንደሆነ አላወቅኩም።

ዝምተኛው፦ መለኪያው።

ስሌተኛው፦ በዚህ መድረክ ውድድር ወዳድ መሆን እንደ ነውር መታየት ስለጀመረ ግልጹን ልናገር፦ እወዳለሁ። ለማሸነፍ መጫወትና ለመዝናናት መጫወት ጠላቶች አይደሉም። የአዲስ ገብ ባላጋራ ጥፋቱ ማሸነፍ መፈለጉ ሳይሆን፣ ከጀማሪ ጋር መቀመጡን መርሳቱ ነው።

አንጋፋው ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርሱ ውጊያው አልቋል ብለዋል። እስቲ እንየው። ሃያ አራት ምት አለኝ እንበል። ለመምታት 4 እና ከዚያ በላይ፣ ለማቁሰል 4 እና ከዚያ በላይ፣ ጠላት በጥሩሩ ለመዳን 5 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ግማሽ በግማሽ፣ በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ አንድ ስድስተኛ ይሆናል፤ በአማካይ አራት ሰው ይወድቃል። ይህን ማወቅ ጨዋታውን አይገድለውም፤ ይጀምረዋል። ጠላት ላይ ለመድረስ በሁለት ዳይስ ድምር ቢያንስ 9 የሚያስፈልገኝ ከሆነ፣ ከሠላሳ ስድስቱ ዕድል ዐሥሩ ብቻ የእኔ ናቸው። አሁን ልሩጥ ወይስ አንድ ዙር ቆሜ የቀስቱን ዝናብ ልቀበል? ይህን ውሳኔ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ዝርዝር አይወስንልኝም። በ«ኪንግስ ኦፍ ዋር» ደግሞ ጎኑን የተመታ ጓድ የሚወርድበት ምት እጥፍ፣ ጀርባውን የተመታ ሦስት እጥፍ ነው። ጎኑን ያጋለጠ ሰው የትኛውንም ጀግና ቢገዛ አይድንም። ቦታ አያያዝ እንጂ ግዢ አያሸንፍም።

አንጋፋው፦ በ«ኪንግስ ኦፍ ዋር» እኮ ሰው አይወድቅም! ጓዱ ጉዳቱን በቁጥር ይሸከማል፤ ወኔው ሲሟጠጥ ሙሉው በአንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ይነሣል። ሬሳ የሌለበት ጦርነት የሒሳብ መዝገብ ነው።

ባለብሩሿ፦ ለእኔ ግን ይህ ነገር በረከት ነው። ምስል በምስል መነሣት ስለሌለበት ጓዱን በአንድ ሰፊ መቆሚያ ላይ እንደ ትዕይንት መሥራት ይቻላል፤ አንዱ ወድቆ፣ ሌላው ሲያነሣው፣ የሦስተኛው ፈረስ አጥር ሲዘል። ደግሞስ ከአንድ መልእክት በፊት ሬሳ መልቀም ሰለቸኝ ያሉት እርስዎ አልነበሩም?

ዝምተኛው፦ ነበሩ።

ታሪክ አንባቢ፦ ከዳይሱ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላስገባ፤ ለክርክሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የጨዋታው ቅድመ አያት የፕሩሲያ መኮንኖች ማሠልጠኛ ነው። ራይስቪትዝ የተባለው መኮንን እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ሕግ ሁለቱ ወገኖች በመካከላቸው ዳኛ ነበራቸው፤ ትእዛዙን ይሰጡታል፣ የሆነውን እሱ ይነግራቸዋል። በ1876 ደግሞ ቨርዲ ዱ ቬርኗ የተባለ ሌላ መኮንን የሕጉ ብዛት ጨዋታውን እንዳነቀው አይቶ አብዛኛውን ለዳኛው ፍርድ ተወው። ሕግ በዛ የሚለው የእኛ እሮሮ ምን ያህል ያረጀ እንደሆነ ተመልከቱ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ለመደሰት ብቻ ያወጣው የአሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ ጭራሽ በሞላ የሚተኩስ መድፍ ያነጣጥር ነበር፤ የተመታው ወደቀ፣ አበቃ። ድግምትና ዘንዶ በታተመ ሕግ ጠረጴዛው ላይ በሰፊው የታወቁት በ1971 በአንድ የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ጨዋታ ላይ በተጨመረ ክፍል ነው፤ ከዚያም ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትባቸው ጨዋታዎች ተወለዱ።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በ1987 የወጣው የዋርሀመር 40,000 (የዋርሀመር የጠፈር ዘመን እህት ጨዋታ) የመጀመሪያ መጽሐፍ እንኳ ሦስተኛ ሰው በዳኝነት እንዲቀመጥ ይጠብቅ ነበር። ቀስ በቀስ ዳኛው ተነሣ፤ ወንበሩን ነጥብ ወረሰው። አንጋፋው የሚናፍቁት እርሳሱን አይመስለኝም፤ ዳኛውን ነው።

አንጋፋው፦ ይህን ለመናገር ስንት ጊዜ ስታገል ኖሬ ነው ከአፌ የነጠቅከኝ! አዎን። በዳኛ ስንጫወት ሁለቱ ጦሮች እኩል መሆን አያስፈልጋቸውም ነበር። አንዱ ይከበባል፣ ሌላው ይከብባል። ዳኛው ጫካው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል፤ እኛ አናውቅም። አንድ ሰው «ጎተራውን ባቃጥለውስ?» ካለ መጽሐፍ አይገለጥም፤ ዳኛው ጥቂት ያስብና «4 እና ከዚያ በላይ ካመጣህ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ ግን ወዳንተ ነው» ይላል። ጥሩ የምላቸው ጨዋታዎች በሙሉ እኩል ያልነበሩት ናቸው።

ስሌተኛው፦ የሚያምር ትዝታ ነው፤ ግን ሦስተኛውን ሰው ከየት ላምጣው? ያውም ቀኑን ሙሉ ሳይጫወት ለሁለት ሰዎች ደስታ የሚደክም፣ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው? ነጥብ የተፈጠረው ክፉዎች ስላሴሩ አይደለም። ከማላውቀው ሰው ጋር ያለ ብዙ ድርድር እንድቀመጥ ያስችለኛል። ሚዛኑ ፍጹም አይደለም፤ ያለ ሚዛን መገበያየት ግን የባሰ ነው።

ደግሞ ነጥብ አልባው መንገድ ተሞክሯል። «ኤጅ ኦፍ ሲግማር» በ2015 ሲወጣ ዋናው ሕግ አራት ገጽ ነበር፤ ነጥብም አልነበረውም። ለአንድ አሮጌ ጀግና ከተጻፈው ሕግ አንዱ፣ ተጫዋቹ ከባላጋራው የበለጠ ግርማ ያለው ሪዝ ካለው ዳይሱን ደግሞ እንዲወረውር ይፈቅድለታል። ሳቁ ጥሩ ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ምን ያህል ጦር ይዤ ልምጣ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ተጫዋቾች የየራሳቸውን የነጥብ ሥርዓት መሥራት ጀመሩ፤ በ2016 አሳታሚው ራሱ ነጥብን መለሰ። ሰዎች ተገድደው ሳይሆን ወደው ወደ ነጥብ ተመለሱ።

ዝምተኛው፦ ሪዜን አሳድጌ ነበር።

አንጋፋው፦ ይህ ማስረጃ ለእኔ ይመሰክራል እንጂ ለአንተ አይደለም። ነጥቡን አነሡ፤ በቦታው ግን ምንም አላስቀመጡም። ዳኛ የለ፣ የውጊያው ምክንያት የለ። ሁለት ጦር ፊት ለፊት ተፋጥጦ «ተዋጉ» ከተባለ እኩልነት ብቸኛው ሚዛን ይሆናል፤ ይህማ ግልጽ ነው። አንዱ ወገን ድልድይ የሚጠብቅ፣ ሌላው ለመሻገር የሚጣደፍ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ይዘህ መጣህ የሚለው ጥያቄ ራሱ መልኩን ይለውጥ ነበር።

ባለብሩሿ፦ እዚህ ላይ ከአንጋፋው ጋር ነኝ፤ ግን ወደ ድሮ መመለስ የግድ አይመስለኝም። ለአዲስ ገብ የምመክረው «ፍሮስትግሬቭ» የተባለውን ትንሽ ጨዋታ ነው፤ በ2015 የወጣ ነው። አንድ ጠንቋይ፣ አንድ ደቀ መዝሙርና ቅጥር ወታደሮች፤ ከዐሥር ምስል አይበልጥም። በበረዶ በተዋጠች የፍርስራሽ ከተማ ውስጥ ሀብት ትሻማላችሁ። ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ስለሚጠቀም ውጤቱ አይጨበጥም፤ ደካማው ጦረኛ አንዳንድ ቀን አውሬ ይጥላል። ጠንቋይህ ቆስሎ ከወጣ ቁስሉ ለሚቀጥለው ጨዋታ ይከተለዋል። ዐሥር ምስል ቀብቶ ለመጨረስ ዕድሜ አይጠይቅም፤ የማንንም ድርጅት ምስል መጠቀም ትችላለህ፤ በባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ የታተመም ይሆናል።

ስለ ትልቁ ጦርነት ደግሞ አሁንም የሚያናድደኝን ልናገር። ፈርሶ የነበረው የዋርሀመር የድሮ ዓለም በ2024 «ዘ ኦልድ ወርልድ» ተብሎ ሲመለስ ደስ ብሎን ነበር። ለካ በ20 ሚሊ ሜትር መቆሚያ ላይ የቆመው አብዛኛው እግረኛ ወደ 25 ከፍ ብሏል! ሰባት የቀድሞ ጦሮች ደግሞ ዝርዝራቸው በነጻ ተለቀቀና ከዚያ በኋላ እንደማይታገዙ ተነገራቸው። ለውድድር የሚጫወት ሰው ይህን ሁሉ መከተል አለበት። ለደስታ የሚጫወት ግን በአምስት ሚሊ ሜትር ምክንያት ጓደኛውን አያባርርም። ነጻነቱ ያለው እኛ ጋ ነው፤ እንደ ተወዳዳሪ እየተጨነቅን እንደ ተዝናኝ ስለምንጫወት ነው የሚመረን።

አዲስ ገብ፦ ዐሥር ምስል እችላለሁ። ግን የአንጋፋው ድልድይ ቀልቤን ወስዶታል። ያለ ዳኛ ሁለት ሰው ብቻ ሊጫወተው ይችላል?

አንጋፋው፦ ይቻላል። የተከላካዩ ጦር ከአጥቂው ግማሽ ይሁን። በስድስተኛው ዙር መጨረሻ ድልድዩ ላይ አንድ ያልሸሸ ጓድ ካለው ተከላካዩ አሸነፈ። ከዚያ ወገን ተለዋውጣችሁ ትደግሙታላችሁ። በሕግ ላይ ከተለያያችሁ ዳይስ ጥላችሁ ቀጥሉ፤ መጽሐፉን ከጨዋታው በኋላ ግለጡት። ከማያውቁት ሰው ጋር በሁለት ሺህ ነጥብ ለደስታ መጫወትን ግን አሁንም አይገባውም እላለሁ፤ ከዚያ ፍንክች አልልም።

ስሌተኛው፦ ግማሽ ይበዛል። ድልድዩ አምስት ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ አጥቂው ስንት ረድፍ ከኋላ ቢያሰልፍ የሚዋጉት አምስቱ ናቸው። ተከላካዩ ጥሩ ጥሩር የለበሱ ድንኮች ካሉት ስድስት ዙር ቀርቶ ዐሥር ዙር ይቆማል። ሲሦ አድርጉት። ወይም ወንዙ አንድ ቦታ ላይ መሻገሪያ ይኑረው፤ የት እንደሆነ በዳይስ ይለይ።

አንጋፋው፦ መሻገሪያው ይሁን። ሲሦው ግን አይሆንም፤ ቀስተኞቹን ረሳሃቸው።

ስሌተኛው፦ ቀስተኞቹማ በራሳቸው ሰዎች ጀርባ ላይ አይተኩሱም። አርባ በመቶ።

አዲስ ገብ፦ የሚበር ዘንዶ ማምጣት ይፈቀዳል?

ዝምተኛው፦ ዘንዶ ካለ ድልድዩ ለምን አስፈለገ?

አንጋፋው፦ ዘንዶ የለም። አርባ በመቶውን ተቀብያለሁ፤ መሻገሪያውን የሚያገኘው ግን ሰው ልኮ የፈለገ ብቻ ነው።