ላሊበላን ሳያዩ ሞምባሳ? ያውም ብቻን?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሐምሌ የዓመት ፈቃድ አለኝ፤ አሥራ ሁለት ቀን። ናይሮቢ፣ ከዚያ ባሕር ለማየት በባቡር ሞምባሳ፣ ብቻዬን። ብሩን ሁለት ዓመት ነው ያጠራቀምኩት። እሁድ ቡና ላይ ለቤተሰብ ስናገር ሲኒ የያዘ እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። «ከማን ጋር?» አሉኝ። «ከማንም» ስል እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ትኩሳት መስሏት። አጎቴ ደግሞ «ላሊበላን ሳታዪ ሞምባሳ ምን ልትሠሪ?» አለኝ። ይሄኛው ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። እስኪ ፍረዱኝ። አገሩን አይቶ ያልጨረሰ ሰው ውጭ መዞር የለበትም?

ተራራ ወዳዱ፦
እንዳትቀየሚኝ፣ እኔ ከአጎትሽ ጋር ነኝ። አየር መለወጥ ከሆነ የፈለግሽው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው። ቪዛ የለ፣ ምንዛሪ የለ። ታኅሣሥ ውስጥ ስሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ውስጥ አድሬ ጠዋት የውኃ ጠርሙሴን ባነሣው በረዶ ሠርቷል። አብሮኝ ያደረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) በጋቢ ተጠቅልሎ ይስቅብኛል። ከእኔ በቀር ካምፑ ውስጥ የነበረው እንግዳ ሁሉ ፈረንጅ ነው። አፈርኩ እኮ። የራሳችንን ለእንግዳ ትተን የሰው አገር ፎቶ እናሳድዳለን።

የሒሳብ ሰው፦
ወንድሜ፣ አገር ውስጥ ርካሽ ነው ያለህ ማነው? መንገዱ በሚያሰጋበት ጊዜ ላሊበላ የምትሄደው በአውሮፕላን ነው። ሆቴሉን ጨምርበት። ከዚያ ናይሮቢን ደምር። ልዩነቱ ያሰብከውን ያህል አይሆንም።

የእኔ ተቃውሞ ሌላ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። እህቴ፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምሽው ምን ያህል ዶላር እንደሆነ ትናንት ሳይሆን ዛሬ አስልተሽዋል?

መንገደኛዋ፦
አስልቼዋለሁ፤ አልቅሼም ጨርሻለሁ። ለዚህ እኮ ነው ኬንያ የሆነው። ቪዛ አይጠይቁንም። ደግሞ አጎቴ ራሱ ላሊበላን አያውቃትም። ጠይቄው «እኔማ መቼም እደርሳለሁ» አለኝ።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ አጎትሽን ተይው። እኔን ያስጨነቀኝ «ብቻዬን» ያልሽው ነው። ሰው እኮ ቀብር እንኳ ብቻውን አይሄድም። ብትታመሚ ማን ውኃ ያቀብልሻል? ስልክሽን ቢቀሙሽ? ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ምን ይጎድልባችኋል?

ከስቶክሆልም፦
እትዬ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። የእኔም እናት አሁንም በየቀኑ «በላህ ወይ?» ትላለች። ግን ብቻን መሆን ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎ።

እዚህ የመጣሁት ለትምህርት ነው። በአገራችን ሰዓት ነው የማስበው፤ እስካሁን አልተወኝም። ለእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ገደማ ሆናት ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ የቀኑ ርዝመት ከአንድ ሰዓት ብዙም ያለፈ አይለዋወጥም። ታኅሣሥ ውስጥ ስቶክሆልም ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2፡45 አካባቢ ነው። የምትገባው? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ። ምሳ በልቼ ቀና ስል ጨለማ ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ድረስ አልጠልቅም ትላለች። የምኖርበት ሰዓት ፈረሰብኝ ብል አይጋነንም።

የመጀመሪያው ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ። ደረጃ ላይ «ሄይ» ከመባባል በቀር አንተዋወቅም። አንድ ማታ አንኳኩ። እጃቸው ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ሦስት ማዕዘን የተሠራ፣ ባለ ሰባት አምፖል መብራት ይዘዋል። መስኮትህ ላይ አድርገው አሉኝ። እኔ ብቻ ነበርኩ ጨለማ። የሰፈሩ መስኮት ሁሉ በዚያ ወቅት እንደዚያ ነው፤ አላስተዋልኩም ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አፈላላቸዋለሁ፤ ሦስተኛውን ግን አይጠጡም፣ ልባቸውን ፈርተው። ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ ቤት ብከራይ ኖሮ በራቸው የትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

ተራራ ወዳዱ፦
እሱ ኑሮ ነው፣ ጉዞ አይደለም። አሥራ ሁለት ቀን ሄዶ የሚመለስ ሰው ማን መብራት ያመጣለታል?

ከቤይሩት የተመለስኩ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ልበል።

እኔም ብቻዬን ነው የወጣሁት። ሃያ ዓመቴ ነበር። በሕይወቴ መጀመሪያ አውሮፕላን የተሳፈርኩት ያን ቀን ነው። ያኔ «ሴት ልጅ ብቻዋን እንዴት?» ያለ ሰው የለም። ብር እልካለሁ ስለተባለ ሁሉም መረቀኝ። አሠሪዬ ፓስፖርቴን ገና አየር ማረፊያ ነው የተቀበለችኝ። ቤይሩት ባሕር ዳር የሚሄዱበት ኮርኒሽ የሚሉት ረጅም መንገድ አለ። ሰው ልጁን ይዞ ይንሸራሸርበታል፣ ዓሣ ያጠምድበታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከስድስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አየሁት፤ ልብስ እያሰጣሁ። አንድ ቀን አልረገጥኩትም።

ስለዚህ ይቺ ልጅ በገዛ ብሯ፣ ፓስፖርቷን በገዛ ቦርሳዋ ይዛ፣ ባሕር ልይ ስትል «ምን ልትሠሪ?» መባሉ አይገባኝም። ማየት ራሱ ሥራ ነው። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን አይደለም።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
ምን አጠፋሽና ይቅርታ ትላለሽ፣ የኔ ልጅ። እንዲህ አስቤው አላውቅም።

የሒሳብ ሰው፦
እኔም የምጨምረው ካለ እዚህ ላይ ነው። ውጭ መዞር ቅንጦት የሆነብን በብር ብቻ አይደለም፤ በፓስፖርትም ነው። የሸንገን ማመልከቻ ክፍያ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. 90 ዩሮ ገባ። ቢከለክሉህም አይመለስም። ከዚያ በፊት በሚያዝያ የአውሮፓ ኅብረት በእኛ ላይ ባወጣው ውሳኔ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። እነሱ ኤርታሌን ለማየት የሚፈጅባቸውን ጊዜ አስቡትና ፍረዱ። ቅድም ስለ ምንዛሪው ያልኩትን አልተውኩም፤ ግን በሩ ክፍት የሆነበት ሂጂ።

ሞምባሳ ተመላላሽ፦
በሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሄጃለሁና ለተራራ ወዳዱ እኔ ልመልስ። በአሥራ ሁለት ቀን መብራት የሚያመጣ ባይገኝ ሌላ ነገር ይገኛል።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ መናኸሪያ ቆሜ አውቶቡሱ መቼ እንደሚነሣ ጠየቅሁ። ሰውዬው እንግሊዝኛ አልሆነለትም። «ሳአ ታቱ» አለ። ታቱ ሦስት እንደሆነ አውቃለሁ። ከጎኔ የነበረው ፈረንጅም ያውቅ ነበር መሰል፣ ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ሻንጣውን ተንተርሶ ተኛ። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ። ከጠዋቱ ሁለት ተኩል አልፏል። ሦስት ሰዓት! የኛው ሦስት ሰዓት! ስዋሂሊዎች እንደኛ ከፀሐይ መውጫ ነው የሚቆጥሩት። ደቂቃንም «ዳኪካ» ነው የሚሉት። ለካ ሰዓታችን ዓለም ላይ ብቻውን አይደለም። ፈረንጁን ቀስቅሼ አሳፈርኩት። ከጓደኛ ጋር ብሆን ግን ወሬ ይዘን ሁለታችንንም ያመልጠን ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ።

መንገደኛዋ፣ ባቡሩ በጻቮ ፓርክ መካከል ያልፋል። መስኮት ያዢ። አፈሩ ቀይ ስለሆነ ዝሆኖቹ ሸክላ የተቀቡ ይመስላሉ። የናይሮቢ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ትራፊኩን አስበሽ በጊዜ ውጪ። መኪና በግራ ስለሚሄድ ስትሻገሪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዪ፤ እኔን አንድ ማታቱ፣ የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሊደፋኝ ነበር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽንም አትርሺ። ሞምባሳ ላይ ላብ አይደርቅም፤ ስስ ልብስ ብቻ ያዢ።

ተራራ ወዳዱ፦
እሺ የሰዓቷን ነገር ወደድኳት። ግን ላሊበላን አሁንም አልተውኩም። ጥቅምት ላይ እኔ ራሴ ልሄድ ነው፣ ማንም አልጋበዘኝም።

መንገደኛዋ፦
ብቻህን?

ተራራ ወዳዱ፦
... ብቻዬን።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
የኔ ልጅ፣ እንግዲህ ከሄድሽ ማታ ማታ ደውዪ። ሹራብም ያዢ።

ከስቶክሆልም፦
እትዬ፣ ሞምባሳ እኮ ሙቀት ነው!

ሞምባሳ ተመላላሽ፦
እትዬ ልክ ናቸው። ናይሮቢ ሐምሌ ላይ እንደኛው ክረምት ይበርዳል። ሹራቡን ያዢ።