የግራዋ ቅጠልና የብር ናይትሬት ውህዴ ቡናማ መሆን ሲገባው ነጭ ሆነብኝ

አዌቱ ዳር (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሆኜ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ ከግራዋ ቅጠል ባክቴሪያ የሚገድሉ የብር ናኖ ቅንጣቶችን እየሠራሁ ነው። 10 ግራም ደርቆ የተፈጨ ቅጠል በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍልቼ ካጠለልሁ በኋላ፣ ከጭማቂው 10 ሚሊ ሊትሩን በ90 ሚሊ ሊትር የ1 ሚሊ ሞላር ብር ናይትሬት ላይ ጨመርሁ። የናኖ ቅንጣቶቹ ምልክት ስለሆነ ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆናል ስል ገና ጠብታው ሲነካው እንደ አጓት ደፈረሰ። ጠዋት ስመለስ ነጭ ዝቃጭ ከሥር ተኝቷል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኑ ደግሞ ወደ ሐምራዊ ግራጫ ዞሯል። የባክቴሪያው ሙከራ ተራዬ ሰኞ ነው፤ የቀረኝ ብር ናይትሬትም 0.2 ግራም ብቻ ነው። እባካችሁ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ።

መምህር ከጎንደር፦ በመጀመሪያ ሂደቱን መረዳት ይገባል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፌኖሎችና ፍላቮኖይዶች ለብር አዮን (ኤሌክትሮን ለጎደለው ብር) ኤሌክትሮን ይሰጡታል፤ አዮኑ ወደ ብር አተምነት ይለወጣል፤ አተሞቹ ተሰባስበው ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚደርሱ ቅንጣቶች ሲሆኑ፣ እነዚያው የቅጠሉ ውህዶች ዙሪያቸውን ሸፍነው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቋቸዋል። እናቶቻችን የጠላ ጋን የሚያጥቡበት ግራዋ ለዚህ ሥራ መመረጡ ያስደስተኛል።

ብልቃጥ፦ በ60 ዲግሪ ያሙቁት፤ ቀለሙ ይመጣል።

አዌቱ ዳር፦ መምህር፣ አመሰግናለሁ። ማሞቁን ትናንት ሞክሬው ነጩ አልጠፋም።

ሰላም ከባሕር ዳር፦ እኔም አሙቁት እላለሁ። ካልሆነም ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምረው ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 9 ያድርሱት።

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ለጊዜው ይተዉት፤ ከበዛ ቡናማ የብር ኦክሳይድ ያወርድና ናኖ ቅንጣት ያገኙ ያስመስልብዎታል። አዌቱ ዳር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቅጠሉን ያፈሉት በምን ውሃ ነው?

አዌቱ ዳር፦ ብር ናይትሬቱን ያሟሟሁት በዲስትልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ነው። ቅጠሉን ግን በቧንቧ ውሃ አፈላሁት፤ የማጣሪያ መሣሪያችን ስለተበላሸ ያለችኝን ዲስትልድ ውሃ መቆጠብ ነበረብኝ። ደግሞም መፍላቱ ያጠራዋል ብዬ ነው።

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦ መፍላት ጀርሙን እንጂ ጨውን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ጨዉ ይጠነክራል። ያ ውሃ ለጅማ ቡና ደግ ነው፣ ለብር ግን አይሆንም። ነጩ ነገር በውሃው ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከብሩ ጋር ተጣምሮ የሠራው ብር ክሎራይድ ይመስለኛል፤ ብርሃን ሲያገኘው ሐምራዊ ግራጫ መሆኑም ጠባዩ ነው። ከዝቃጩ ጥቂት ወስደው ቀጭን ናይትሪክ አሲድ ያንጠባጥቡበት፤ ብር ክሎራይድ ከሆነ አይሟሟም። ከዚያም ሦስት የሙከራ ቱቦ ይደርድሩ፤ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሁለተኛው ዲስትልድ ውሃ፣ በሦስተኛው በዲስትልድ ውሃ የፈላ ጭማቂ ያድርጉና በእያንዳንዱ አንዳንድ ጠብታ ብር ናይትሬት ይጨምሩ። ስለ ብሩ ማነስ አይጨነቁ፤ ለ100 ሚሊ ሊትር የሚፈጀው 17 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ ያለዎት ከ10 ጊዜ በላይ ያሠራዎታል። ሙከራውን በ5 ሚሊ ሊትር ቢያደርጉት ደግሞ በአንድ ቱቦ 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም።

ማይክሮባዮሎጂ፦ እኔ የምከራከረው ከጥያቄው መነሻ ጋር ነው። ቡናማ መሆኑ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ በዩቪ-ቪዝ (ውህዱ የትኛውን ብርሃን እንደሚመጥ በሚለካው መሣሪያ) ከ400 እስከ 450 ናኖ ሜትር ባለው የብርሃን ሞገድ ክልል የመምጠጥ ጫፍ መታየት አለበት። የብር አዮን ራሱ ባክቴሪያ ስለሚገድል፣ ብር ናይትሬቱን ለብቻው፣ ጭማቂውንም ለብቻው ጎን ለጎን ካላስቀመጡ ሰኞ በሳህኑ ላይ የሚያዩት ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ የማን ሥራ እንደሆነ ማወቅ አይችሉም። ተራዎን ለሌላ ሰጥተው ቢቆዩ ይሻላል።

አዌቱ ዳር፦ ተራዬን ከለቀቅሁ የሚቀጥለው መቼ እንደሚደርሰኝ አላውቅም፤ ሁለቱን ማነጻጸሪያዎች ግን እጨምራለሁ። ሦስቱን ቱቦዎች አሁን አየኋቸው። የቧንቧው ውሃ ወዲያው ደፈረሰ፤ ዲስትልዱ እንደ ጠራ ቀረ። ያስደነገጠኝ ሦስተኛው ነው፤ እሱም በጥቂቱ ደፍርሷል። በናይትሪክ አሲዱም አልጠራም።

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦ እንግዲያው ቅጠሉም የራሱ ክሎራይድ አለው ማለት ነው፤ 10 ግራሙ በዝቷል። 1 ግራም ቅጠል በ100 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ ያፍሉ፤ ሳይፈጭ በፊትም ቅጠሉን መጨረሻ ላይ በዲስትልድ ውሃ ያለቅልቁት፤ ብልቃጡንም እንዲሁ። ውህዱን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍነው ከመስኮቱ ያርቁት። ነጩን ዝቃጭ ወደ ፍሳሽ አይድፉት፤ ብር ነውና በጨለማ ጠርሙስ ያጠራቅሙት።

ብልቃጥ፦ ከዚያ በኋላ 60 ዲግሪ።

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦ አዎን፣ አሁን ማሞቁ ይጠቅማል።