የቤሩት ከወንጀል ነጻ ወረቀት ያወጣ ሰው አለ?

ሰላም ወገኖቼ፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ለንደን በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ኢንተርቪው አልፌ ነበር። ኤንሃንስድ ዲቢኤሱም (እዚህ እንግሊዝ ለሥራ የሚደረገው የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ) ንጹሕ ሆኖ መጣ። ግን ዲቢኤስ ውጭ አገር የኖርንበትን ጊዜ አይሸፍንም። ስለዚህ ከኢትዮጵያም ከቤሩትም ከወንጀል ነጻ ወረቀት አምጪ አሉኝ።

ለኢትዮጵያው እህቴ አለችልኝ፤ ውክልና እልክላታለሁ። ግን አሻራዬ አስቸገረ። ስንት ዓመት በረኪና የበላው ጣት ነው፤ ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆኑ።

የቤሩቱ ይብሳል። 3 ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ስወጣ የድሮ ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ቀረ። የመኖሪያ ፈቃዴ ኮፒ እንኳ የለኝም።

ያለ እነዚህ ወረቀቱን ያወጣችሁ አላችሁ? ካልተገኘስ፣ አሠሪ በሌላ ማስረጃ ይቀበላል? ሥራውን ከልቤ እፈልገዋለሁ። እባካችሁ፣ እስከ አርብ ነው የሚጠብቁኝ።