የሶሻል ተማሪ ሒሳብ ይቅርለት? የጅማ ልጆች ክርክር

አወያይ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። የዛሬው ጥያቄ ከቤቴ የመጣ ነው። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት፣ ሶሻል። ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ሚድ ተፈተነች። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት እስከ እኩለ ሌሊት አብረን ሠርተናል። ሻይ ያፈላሁላት እኔ ነኝ። የሰጠኋትን ጥያቄ ሁሉ ሠርታ ነው የተኛችው። ጠዋት ወረቀቱን ስትቀበል ግን እጇ ተንቀጠቀጠ። «ቁጥሮቹ ይታዩኛል፣ ግን ምን እንደሚሉ አልገባኝም» አለችኝ። ፈተናውን ጨርሳ ገና በሩን ሳታልፍ መልሱ ትዝ ይላት ጀመር። ቤት ገብታ አለቀሰች።

እንደምታውቁት በ2012 የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ለሶሻልም የራሱ ሒሳብ መጣ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሕግ ወይም ጋዜጠኝነት ልታጠና የምትፈልግ ልጅ በዚህ ሒሳብ መጨነቅ አለባት? በምርጫ ቢሆንስ? እኔ ቢቀር ከሚሉት ነኝ።

ቡና ነጋዴ፣ መርካቶ፦
ልጄ፣ እኔ ከ8ኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቆምኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ግን በሒሳብ ነው የኖርኩት። ገበሬው 43 ፈረሱላ ቡና ይዞ ይመጣል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 40 ጊዜ 17፣ 680። 3 ጊዜ 17፣ 51። 731 ኪሎ። ይህን የምሠራው ከሰው ጋር እያወራሁ፣ ሲኒዬን ይዤ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ግን ሰሌዳ ፊት ስቆም ላብ ያጠምቀኝ ነበር። መምህሩ ከጀርባዬ አለንጋ ይዘው ይቆማሉ። 6 ጊዜ 7 ይጠፋብኛል። ጭንቅላቴ ያኔም ይኸው ጭንቅላት ነበር። ስለዚህ እህትህን ሒሳብ አታስጥላት። ከጀርባዋ የቆመውን ነገር ፈልግና አንሳላት።

የሒሳብ መምህር፦
14 ዓመት አስተምሬአለሁ። ፍርሃት የለም አልልም፣ በየዓመቱ አያለሁ። ግን ከየት መጣ? ልጁ ክፍልፋይ መደመር ሳይችል 12ኛን ይጨርሳል። እኔ ጋ ሲመጣ ፈንክሽን ይባላል፣ ይደነግጣል። ዋና የማይችል ሰው ጊቤ ዳር ቆሞ ቢፈራ ልክ ነው። ዋና ነው ማስተማር ያለብን። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በጭንቀት ልናስረዳው አንችልም። መሠረቱ ነው የጎደለው።

ደግሞ ሶሻል ሆኖ ከቁጥር ማምለጥ የለም። እዚህ ጅማ ተማሪዎች ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተው መረጃ ይሰበስባሉ። የሰበሰቡትን መጠይቅ ማን ይቆጥርላቸዋል? አማካይ፣ ፐርሰንት፣ ናሙና ይመጣል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ከመደንገጥ አንደኛ ዓመት ላይ መልመድ ይሻላል። ይቅር በሚለው በፍጹም አልስማማም።

አወያይ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፣ ግን የእህቴን ነገር ዘለሉት። ዋና ትችላለች እኮ! ሌሊት ላይ ዋኝታለች።

ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ማርክ አሽክራፍትና ኤልዛቤት ከርክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ጥናት አለ። የኮሌጅ ተማሪዎች ፊደሎችን በቃላቸው ይዘው ቁጥር እንዲደምሩ አደረጉ። «5 ጽፌ 1 ይዤ» የሚባልበት ዓይነት ድምር ላይ ሲደርሱ፣ ሒሳብ የሚፈሩት ከሌሎቹ ይልቅ ስህተት አበዙ። ነገሩ ይገባኛል። ስናሰላ ለአፍታ የምንይዝበት ቦታ አእምሯችን ውስጥ አለ፣ ጠባብ ነው። ፍርሃት ሲመጣ እሱም እዚያው ይቀመጣል። «ብወድቅስ? ቤተሰብ ምን ይለኛል? ሰዓቱ ስንት ሆነ?» ይህ ሁሉ ቦታ ይይዛል። ለሒሳቡ የሚቀረው ትንሽ ነው። እህቴ በር ላይ ስትደርስ መልሱ የመጣላት ቦታው ስለተለቀቀ ይመስለኛል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
ወንድሜ፣ እህትህን አቅፈህ ሳምልኝ። እኔም ፍሬሽማን እያለሁ በዚሁ ኮርስ ኤፍ አግኝቻለሁ። ደግሜ ወስጄ ነው ያለፍኩት።

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። እኔ እስከ 8ኛ ክፍል የተማርኩት በአፋን ኦሮሞ ነው። መደመር ኢዳኡ፣ መቀነስ ሂርኢሱ ብዬ ነው ጭንቅላቴ የለመደው። 9ኛ ስገባ ሁሉም በአንድ ቀን እንግሊዝኛ ሆነ። ዩኒቨርሲቲም ገብቼ ጥያቄውን መጀመሪያ እተረጉማለሁ፣ ከዚያ አስባለሁ፣ ከዚያ መልሼ እንግሊዝኛ አደርገዋለሁ። አወያይ ጠባብ ያልከው ቦታ የእኔው ገና ከመጀመሬ ሞልቶ ነበር። መምህር፣ ይህን እንደ መሠረት ጉድለት አይቁጠሩብኝ። ሒሳቡን አውቀዋለሁ። ጊዜ ነው ያጠረኝ።

ሌላም አለ። «ሴት ናት፣ ሒሳብ አይሆንላትም» ሲባል ነው ያደግሁት። ያሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ የሚወዱኝ ናቸው። ለዚህ ነው የሚከብደው።

ደግሜ ስወስድ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከፈተና በፊት 10 ደቂቃ ቁጭ ብዬ የምፈራውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ራሚሬዝና ቤይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን የሚደግፍ ጥናት አውጥተዋል ሲባል ሰምቼ ነው። ቀለል ብሎኝ ገባሁ።

የሒሳብ መምህር፦
ልጄ፣ ስለ ቋንቋው ያልሽው ትክክል ነው። ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ተማሪ ሳይ አላወቀም እላለሁ። እየተረጎመ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይህን እቀበላለሁ።

ፍርሃትን ከፈተና በፊት ስለ መጻፉ ያልሽውን ግን ላስተካክል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንን ጥናት ሲደግሙት ያው ውጤት አልወጣም። ለአንቺ ጠቅሞሽ ከሆነ ቀጥይበት፣ ጉዳት የለውም። ለሁሉም ተማሪ መድኃኒት ነው ብለን ግን ቃል እንዳንገባ። ልጅ ጽፎ ገብቶ ሲወድቅ ሁለተኛ ጊዜ ይሰበራል።

ሪሚዲያል የነበርኩ፦
እኔ አጭር ነገር ልበል። ሪሚዲያል፣ ማለትም መግቢያ ነጥብ ያልመጣላቸው የሚወስዱት ማካካሻ ትምህርት፣ ስጀምር የመጀመሪያ ቀን የገባው መምህር «ከእናንተ ግማሹ ይወድቃል» ብሎ ጀመረ። እስካሁን ይህን ነው የማስታውሰው። ከዚያ በኋላ ያስተማረውን አላስታውስም።

አወያይ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ይቅር የሚለውን ትቼዋለሁ። መምህር ስለ ናሙናና መጠይቅ ያሉት አሳምኖኛል፣ ቡና ነጋዴው ጋሼ ደግሞ ከዚያ በላይ። ሒሳብን ካስቀረንላት ያ «አይሆንላትም» የሚለውን ማጽደቅ ነው የሚሆነው። ይህ አልታየኝም ነበር።

የሰዓቱን ነገር ግን አልለቅም። ላየንስና ቤይሎክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ሒሳብ በጣም የሚፈሩ ሰዎች ሒሳብ ሊመጣ ነው ሲባሉ አንጎላቸው ውስጥ ከሕመም ጋር የሚያያዙ ቦታዎች ይነቃሉ። ሒሳቡን እየሠሩ ሳለ ግን ይህ አልታየም። እንግዲህ የሚያመው መጠበቁ ነው። ወረቀቱ ተሰጥቶ ሰዓት ሳይቆጠር 10 ደቂቃ ቢያነቡትስ? እስክሪብቶ ሳይነሳ። እህቴም ትረጋጋለች፣ እዚህ የጻፈችው እህታችንም ትተረጉማለች። መምህር፣ እርስዎ ክፍል ይህ ይቻላል?

የሒሳብ መምህር፦
በእኔ ኩዊዝ ይቻላል። እንዲያውም ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ትንንሽ ኩዊዞች ልሰጥ አስቤአለሁ፣ ማርክ የሌላቸው። የተሳሳተ ደግሞ ይሠራል። የሚፈራ ልጅ ሒሳብን ይሸሻል፣ ሲሸሽ ልምምድ ያጣል፣ ልምምድ ሲያጣ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ይብስ ይፈራል። እኔ መሠረት አልኩ፣ አንተ ፍርሃት አልክ። ክቡ አንድ ነው፣ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀምር ከልጅ ልጅ ይለያያል። እህትህ ከአንተ ጫፍ ናት። ክፍሌ ውስጥ የሚበዙት ግን ከእኔ ጫፍ ናቸው። ለእነሱ 10 ደቂቃ ብሰጥ ወረቀቱን እያዩ ይቀመጣሉ እንጂ ሌላ አይመጣም። ክፍልፋይ ነው የሚያስፈልጋቸው፣ ቱቶሪያል ነው።

ፋይናሉ ላይ ደግሞ የተመደበው ሰዓት ሰዓት ነው። አዳራሹን ሌላ ትምህርት ክፍል ይጠብቀዋል። ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም በሰዓት ነው የሚሠራው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
መምህር፣ ዳኛ ፍርድ ሲከብድበት ቀጠሮ ይሰጣል እኮ። እኛ ቀጠሮ አልጠየቅንም። 10 ደቂቃ ነው።

ቡና ነጋዴ፣ መርካቶ፦
ልጄ፣ እህትህ ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ ትምጣ። ሚዛኑ ላይ ታግዘኛለች። ኪሎውን ወደ ፈረሱላ እሷ ትመልስልኝ። ብትሳሳት እንደገና እንመዝናለን፣ ቡናው የትም አይሄድም።

አወያይ፦
ጋሼ፣ ነግሬአታለሁ፣ ትመጣለች። መምህር፣ ስለ ኩዊዙ እግዜር ይስጥልኝ። በፋይናሉ ግን አልተስማማንም። አዳራሽ የሚያጥር ከሆነ የማመለክተው የት ነው? ትምህርት ክፍሉ ጋ ነው ወይስ ሬጅስትራር? ይህን የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፣ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።