ሚረርለስ ልግዛ ወይስ ውሃና ጭቃ የሚችል ትንሽ ካሜራ?

ጭቃ ጫማ

ሰላም ለሁላችሁም። ገንዘቤ ለአንድ ካሜራ ብቻ ነው የሚበቃው፣ ሁለት ምርጫ መሃል ቆሜ ደግሞ መወሰን አቅቶኛል።

ሥራዬ ከውሃ ጋር የተያያዘ የመስክ ሥራ ነው። ወንዝ ዳር፣ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ አንዳንዴም እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ፎቶ አነሳለሁ። የውሃ ከፍታ መለኪያ ንባብ፣ የተሸረሸረ ዳርቻ፣ ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት። ይሄ ሁሉ ለሪፖርት ነው። ከሥራ ውጪ ግን ወፍና የሰው ፊት ማንሳት ነው የምወደው፤ በቅርቡ ደግሞ «ዝግጅታችንን አንሺልን፣ እንከፍልሻለን» የሚሉኝ ሰዎች መጥተዋል።

እስካሁን ሁሉንም በስልኬ ነው የማነሳው። ቀን ላይ እንከን አይወጣለትም። እጄ ሲረጥብ ግን ስክሪኑ አልታዘዝም ይላል፣ ወፍ ላቅርብ ስል ደግሞ ላባው ተቀባብቶ ይወጣል።

አንዱ ምርጫዬ የኦኤም ሲስተም ቲጂ-7 ነው፣ ውሃ የማይበግረው ትንሹ ካሜራ። ሌላው ያገለገለ ሚረርለስ፣ ሌንሱ የሚቀያየር፣ ባለሙያዎች የሚይዙት ዓይነት፣ ከአንድ ሌንስ ጋር። ግራ ያጋባኝ የሁለቱም መግለጫ ላይ ውሃ እንደሚቋቋሙ መጻፉ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? እባካችሁ «እንደ ፍላጎትሽ ነው» አትበሉኝ፣ ፍላጎቴን ነግሬአችኋለሁ።


ሌንስ ቆጣሪ

ከሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን ከሚሠራው ክፍል እንጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

የቲጂ-7 ሴንሰር 1/2.33 ኢንች የሚባለው ነው። በሚሊሜትር ሲለካ 6.2 በ4.6 ገደማ ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው የባለሙያ ካሜራዎች ትልቅ ሴንሰር ደግሞ 36 በ24። ስፋታቸውን አባዢና አወዳድሪው፣ 30 እጥፍ ያህል ልዩነት ታገኛለሽ። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛው ሴንሰር እንኳ 13 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል።

ሌንሱ ላይ ኤፍ 2 ተብሎ ተጽፏል (የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፣ እውነትም ብሩህ ሌንስ ነው። ግን የሚሰበሰበውን ጠቅላላ ብርሃንና ባክግራውንድ ብዥ የማድረግ አቅሙን ከፉል ፍሬም ጋር ካስተያየሽው ኤፍ 11 አካባቢ ነው የሚያርፈው። ዙሙን እስከ ጥግ ስትወስጂው ኤፍ 4.9 ይሆናል፣ ያ ደግሞ ኤፍ 27 እንደማለት ነው። ስለዚህ ፊት ብቻ ጥርት ብሎ ኋላው ለስለስ ያለ ፎቶ ከዚህ ካሜራ አትጠብቂ። ወፍማ ጭራሽ አይታሰብም። ዙሙ በፉል ፍሬም አቆጣጠር ከ25 እስከ 100 ሚሊሜትር ነው (ቁጥሩ በበዛ መጠን ሩቁን ያቀርባል)፣ ወፍ የሚያነሱ ሰዎች ደግሞ 400ም ይዘው «ምነው ትንሽ በቀረበልኝ» ነው የሚሉት።

ስልክሽ የቅርብ ዓመት ሥራ ከሆነ ደግሞ የዋናው ካሜራው ሴንሰር ከቲጂው ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ላይ ስልክ ብዙ ፍሬም በአንድ ጊዜ አንስቶ ይደርብና ጨለማውን ያጸዳልሻል፣ ትንሹ ካሜራ በዚህ በኩል ከስልክ ጋር አይወዳደርም። ምሽት ላይ ከስልኬ ይሻለኛል ብለሽ ከገዛሽው ትበሳጫለሽ።

ሰው አንስተሽ ልትከፈይ ካሰብሽ ሚረርለስ። አለቀ።


ጠላቂው

ምኑ ነው ያለቀው? ልጅቷ እኮ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው የምሠራው ነው ያለችው።

እህቴ፣ መግለጫው ላይ ያነበብሽው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ባለሙያ የሚይዛቸው ሚረርለሶች መገጣጠሚያቸው ላይ የጎማ ማሸጊያ አላቸው፣ ግን ያ ለዝናብና ለፍንጣቂ የተሠራ ነው። ብዙዎቹ አምራቾች የአይፒ ደረጃ፣ ማለትም አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚችል የሚናገረውን ቁጥር፣ እንኳ አይጽፉበትም። ከተጻፈባቸው ጥቂት ሚረርለሶች አንዱ ኦኤም-1 ነው፣ እሱም አይፒ53 ነው። 5ቱ ስለ አቧራ ነው የሚናገረው፣ 3ቱ ስለሚረጭ ውሃ። መጥለቅ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ሁለተኛው ቁጥር 7 ሲሆን ነው፣ ያም 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ማለት ነው። በዚህ ማሸጊያ ተማምኖ ወንዝ መግባት ጃንጥላ ይዞ እንደመዋኘት ነው።

ቲጂ-7 ያለ ምንም ሽፋን 15 ሜትር ይወርዳል። ከ2.1 ሜትር ከፍታ መውደቅን፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቅዝቃዜን እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው። ዙሙ የሚንቀሳቀሰው ሰውነቱ ውስጥ ነው፣ ወደ ውጭ የሚወጣና የሚገባ ቱቦ የለውም። አሸዋና ጭቃ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም።

የሚረርለስ ማሸጊያ ደግሞ ሌንሱም የታሸገ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ሌንሱ ካሜራው ላይ በሚገጥምበት ቦታ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች፣ እሷ ከሌለች ውሃው በዚያ ይገባል። ያገለገለ ስትገዢ ያ ጎማ ምን ያህል እንዳረጀ በዓይንሽ አይተሽ አታውቂውም። ለሚረርለስ የውሃ ውስጥ ሃውዚንግ፣ ውሃ የማያስገባ ሳጥን፣ አለ፣ ልክ ነው፤ ግን ጥሩ ጥሩው ዋጋው ከካሜራው አያንስም፣ የሚሠራውም ለአንድ ሞዴል ብቻ ነው። ካሜራ በቀየርሽ ቁጥር እሱንም ልትቀይሪ ነው።

አሁን ወደ ነፍሳቱ። ሌንስ ቆጣሪ ይህቺን ዝም ብሎ አለፋት፣ ለኔ ግን ከጥያቄሽ ሁሉ ዋናዋ እሷ ናት። ቲጂው በማይክሮስኮፕ ሞድ ከሌንሱ ፊት 1 ሴንቲሜትር ላይ ያለን ነገር ፎከስ ያደርጋል። ያ የተናቀው ትንሽ ሴንሰር እዚህ ጋ ይክሳል፣ ምክንያቱም ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ሰፊ ነው፤ የነፍሳቷ ዓይንም እግርም አንድ ላይ ይታያል። ካልበቃሽ ፎከሱን እየለዋወጠ ተከታታይ ፎቶ አንስቶ ራሱ የሚደርብበት ሞድ አለው። ይህንኑ በሚረርለስ ልሥራ ካልሽ የማክሮ ሌንስ ለብቻ ትገዢያለሽ፣ ገዝተሽም ውሃ ውስጥ ይዘሽው አትገቢም።


ሁለት ካርድ

እኔ የማወራው ስለ ክፍያው ነው፣ ኑሮዬ እሱ ስለሆነ።

የሰው ዝግጅት ገንዘብ ተቀብሎ ለማንሳት አንድ ያገለገለ ካሜራና አንድ ሌንስ አይበቃም። መሃል ላይ ካሜራው ቢቆምስ? ካርዱ ቢበላሽስ? የሚደገም ነገር አይደለም እኮ። ለዚህ ነው ባለሙያ የሚይዛቸው ካሜራዎች ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያላቸው፣ አንድ ፎቶ ሁለቱም ላይ ይጻፋል። ሁለተኛ ካሜራ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል፣ ርካሽም ቢሆን። ፍላሽም ያስፈልግሻል፤ ቲጂ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ከላይ የለውም።

ሌላው ሰዎች የሚረሱት ነገር፣ ሚረርለስ ስንል ትልቁ ወጪ ሌንሱ ነው። ለፊት 50 ወይም 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 በቂ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ለወፍ 100-400 ወይም 150-600 ትፈልጊያለሽ። እነዚህ ሁለቱ በምንም መንገድ አንድ ሌንስ ሊሆኑ አይችሉም። «ከአንድ ሌንስ ጋር» ስትዪ ከወፍና ከሰው አንዱን ትተሻል ማለት ነው።

ክብደቱንም አስቢው። ሶኒ ኤ7 4 ብቻውን 658 ግራም ነው፣ 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ትውልድ ሌንስ ደግሞ 695። ቲጂው 249 ግራም ነው፣ አንገትሽ ላይ እንዳለም ትረሺዋለሽ። መስክ ላይ ከባዱ ካሜራ የት እንደሚውል አውቃለሁ፣ መኪና ውስጥ።

የምትገዢው ያገለገለ ሚረርለስ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጊ። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርገሽ ጥርት ያለ ሰማይ አንሺና ፎቶውን አተልቀሽ እዪው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ። ይሄ ይጸዳል፣ አያስደንግጥሽ። የሚያስደነግጠው የባትሪ ቤቱ ውስጥ ወይም ብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ ያለ ዝገትና ነጭ ብናኝ ነው፣ ያ ካሜራ ውሃ ጠጥቷል። ሻጩ «አንድም ቀን ዝናብ አላየም» ቢልሽም ጥለሽው ሂጂ። ሻተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራም ጠይቂ። እንደ ኒኮን ዜድ8 ያሉት ሜካኒካል ሻተር ስለሌላቸው ለነሱ ይሄ ጥያቄ አይሠራም።

እና አንድ ጥያቄ አለኝ። ወንዝ ዳር የምታነሺው ለመሥሪያ ቤትሽ ከሆነ ካሜራውን ለምንድነው አንቺ ከኪስሽ የምትገዢው?


ዝም አልልም

ለምን ስልክሽን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አታደርጊውም? የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ፎቶ ያነሳል፣ ስክሪን መንካት አያስፈልግሽም። የተረፈሽን ገንዘብ ለወፍ ሌንስ።

በነገራችን ላይ የሁለታችሁን ጭቅጭቅ ሊያስታርቁ የሞከሩ ካሜራዎች ነበሩ። ኒኮን በ2013 ሌንስ የሚቀየርለት፣ 15 ሜትር የሚጠልቅ ኤደብልዩ1 አውጥቶ ነበር። ላይካም በ2016 ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ያለው ኤክስ-ዩ የሚባል ውሃ የማይበግረው ካሜራ አወጣ። ሁለቱም ዛሬ አይመረቱም። ምነው ባልተዉት!


ጠላቂው

ከረጢቱ ለዝናብና ለጀልባ ይሆናል። ለነፍሳት ግን በላስቲክ ውስጥ እያየሽ ያን ያህል ቀርበሽ ጥራት አታገኚም፣ ላስቲኩ ሲታጠፍ ምስሉም ይታጠፋል። ስልክሽ ውስጥ ደግሞ ሕይወትሽ በሙሉ ነው ያለው፣ እሱን ወንዝ ላይ መያዝ ለኔ ድፍረት ነው።

የሁለት ካርድ ጥያቄ ግን ጥሩ ነው። ጭቃ ጫማ፣ መልሺላት እንጂ።


ጭቃ ጫማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የተጨቃጨቃችሁትን።

መሥሪያ ቤቴን በቃል ጠይቄ «ስልክ አለሽ አይደል» ተብያለሁ። በጽሑፍ ግን ጠይቄ አላውቅም። አሁን የነፍሳቱን ጉዳይ ዋና ምክንያት አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም በስልክ ያነሳኋቸውን ዝርያ ለይቶ የሚናገር ባለሙያ ተቸግሯል። እሺ ካሉ ቲጂው የነሱ ይሆናል፣ እኔ ለሚረርለስ አጠራቅማለሁ። እምቢ ካሉ ቲጂውን ራሴ እገዛለሁ። ዝግጅት ማንሳቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ሁለት ካርድ ስለ ሁለተኛው ካሜራ የተናገረችው እውነት ነው፣ ያን ሸክም አሁን አልችለውም። ወፎቹ ይጠብቁኛል።

የመጨረሻ ጥያቄ። ያገለገለ ቲጂ-6 በጥሩ ዋጋ አይቻለሁ። ከ7ቱ በምን ያንሳል?


ሌንስ ቆጣሪ

በፎቶ ጥራት ልዩነት አትጠብቂ። 12 ሜጋፒክሰሉም፣ ሌንሱም ያው ነው። ቲጂ-6 የወጣው በ2019 ነው፣ ቲጂ-7 በ2023። ጎልቶ የሚታየው ልዩነት 7ቱ በዩኤስቢ-ሲ መሞላቱ ነው፣ 6ቱ በድሮው ትንሹ ማይክሮ ዩኤስቢ ነው።

እኔ ሚረርለስ እያልኩ የተከራከርኩት ለሰውና ለወፍ ነበር፣ እነሱን ከተውሻቸው ከጠላቂው ጋር እስማማለሁ። ለደብዳቤሽ የሚሆን አንድ ነጥብ ልጨምርልሽ፦ ሁለቱም ጂፒኤስ አላቸው፣ ኮምፓስ አላቸው፣ ሙቀትና ግፊትም ይለካሉ። ቦታው፣ ከፍታው፣ የውሃው ጥልቀት ከፎቶው ፋይል ጋር አብሮ ይቀመጣል። ለመስክ ሪፖርት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አለቃሽ ከሴንሰር ወሬ ይልቅ ይሄን ነው የሚሰማሽ። ጂፒኤሱን ሁልጊዜ ክፍት አድርገሽ አትተዪው ግን፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል።


ጠላቂው

ያገለገለ ሚረርለስ ይገዛል፣ ያገለገለ የውሃ ካሜራ ግን አልመክርሽም። ጎማው ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ እንደዋለ፣ ስንቴ እንደወደቀ ማን ያውቃል። አዲስ ግዢ፣ 6ቱም ይሁን 7ቱ።

ስታገኚው፣ የባትሪውንና የካርዱን በር ከመዝጋትሽ በፊት ሁሌ ጎማውን እዪ። አንዲት ፀጉር ወይም አንድ የአሸዋ ቅንጣት ከተጋደመችበት በቃ፣ ውሃው በዚያ ይገባል። በሩን እርጥብ እጅ ይዘሽ አትክፈቺ። ባትሪ መቀየር ካለብሽ ወንዝ ከመድረስሽ በፊት ደረቅ ቦታ ቀይሪ፤ ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጡ ታሽጎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከገባ መስተዋቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል፣ ያን ደግሞ በጨርቅ አትጠርጊውም። ካሜራው አይንሳፈፍም፣ ስለዚህ የሚንሳፈፍ ማንጠልጠያ ከካሜራው ጋር አብረሽ ግዢ፣ የደፈረሰ ወንዝ ውስጥ ከወደቀብሽ ፈልገሽ አታገኚውም። ራው ላይ፣ ማለትም ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል፣ አድርገሽ አንሺ፣ ውሃ ቀይ ቀለምን ቶሎ ስለሚውጥ በኋላ ስታስተካክዪው ይጠቅምሻል።

መጀመሪያ ቀን ወንዝ አትውሰጂው። በሳፋ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያዢውና በሮቹ አካባቢ ተከታታይ አረፋ ይወጣ እንደሆነ እዪ። ከወጣ ቶሎ አውጪው፣ ውጭውን በደንብ አድርቂ፣ ባትሪውን አውጪ፣ አታብሪው፣ ወደ ገዛሽበት መልሺው።