ኳርትዝ ላይ ያሳደግኩት ናኖቲዩብ ለምን አይሰለፍልኝም?

የላቧ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን አገር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ኳርትዝ በሚባለው ክሪስታል ላይ ተሰልፈው ያደጉ ካርቦን ናኖቲዩቦችን (ከካርቦን አተሞች የተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎችን) ተጠቅሞ ትራንዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚያበራና የሚያጠፋ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ፣ መሥራት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ታገልኩ። የብረት ካታሊስቱን (ናኖቲዩቡን የሚያበቅሉትን የብረት ቅንጣቶች) ኳርትዙ ላይ አዳርሼ እቀባለሁ። ምድጃው 900 ዲግሪ ሲደርስ ሜቴንና ሃይድሮጅን እለቅበታለሁ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳየው ግን ያልተፈተለ ጥጥ ይመስላል፤ ሁሉም እርስ በርሱ ተጠላልፏል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባቡር እንዳያመልጠኝ ብዬ ምድጃውን ሳይቀዘቅዝ ከፈትኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኳርትዙ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። አሁን የቀረኝ ሦስት ቁራጭ ብቻ ነው። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ድርና ማግ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔም ዶክትሬቴን የሠራሁት በዚሁ ነው። ችግሩ ካታሊስቱን ማዳረስሽ ላይ ነው። ናኖቲዩቡ የኳርትዙን አተሞች አሰላለፍ ተከትሎ ይሄዳል። መንገዱ ላይ የብረት ቅንጣት ካጋጠመው ግን አቅጣጫውን ይስታል። ስለዚህ ካታሊስቱን በፎቶሊቶግራፊ (በብርሃን ቅርጽ በማውጣት) በቀጫጭን መስመር ብቻ አስቀምጪው። እኔ 10 ማይክሮሜትር የሚሰፉ መስመሮችን በ100 ማይክሮሜትር አራርቄ እሠራ ነበር። በመካከላቸው ባለው ንጹሕ ቦታ ላይ ሸማኔ እንደወጠረው ድር ተሰልፈው ታገኛቸዋለሽ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነበር።

ካታሊስቱ ከመቀባቱ በፊት ኳርትዙን ብቻውን 900 ዲግሪ ላይ 8 ሰዓት አቆዪው፤ አሰላለፉ ይሻሻላል።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ኳርትዝ 573 ዲግሪ ላይ የክሪስታል አወቃቀሩ ይለወጣል፤ መጠኑም አብሮ ይቀየራል። ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም እዚያ አካባቢ ቀስ በዪ። እኔ ምድጃውን ማታ አጥፍቼ የምከፍተው ጠዋት ነበር። ባቡሩ ይለፍ።

ቺፕ ወዳድ፦
ከተሰለፉ በኋላም ሥራ አለሽ። ከሚያድጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ እንደ ብረት ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ ትራንዚስተሩን እንዳይጠፋ ያደርጉታል። በ2013 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 178 ትራንዚስተር ያለው የናኖቲዩብ ኮምፒውተር ሲሠሩ፣ ሴሚኮንዳክተር የሆኑትን (ማብራትም ማጥፋትም የሚቻሉትን) በጌቱ፣ ማለትም በትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ፣ አጠፉና ከባድ ኩረንት ለቀቁበት። አልጠፋ ያሉት ብቻ ተቃጥለው አለቁ። እንክርዳዱን ከስንዴው እንደመልቀም በይው።

የላቧ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አንዱን ቁራጭ አሁን ምድጃ ውስጥ አስገባሁት። ሌሊቱን እዚያው ያድራል፤ ነገ እስኪቀዘቅዝ አልነካውም።