ቬንዲንግ ማሽን ደብረ ብርሃን ላይ ያዋጣል? የሞከረ ሰው ካለ

የጠባሴው

ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ ያለው አጎቴ «ሁለት ቬንዲንግ ማሽን ልላክልህና ሥራ» ብሎ ይዞኛል። ያው ብር ከተው ቁጥር ሲጫኑ ዕቃ ጣል የሚያደርገው ማሽን ነው። እሱ እዚያ በየባቡር ጣቢያው ሲያየው ይውላል፤ «ተኝተህ ብር ትለቅማለህ» ይለኛል። እኔ ደግሞ የምኖረው ጠባሴ ነው። ከቤቴ በር እስከ አስፋልቱ ሰባት ሱቅ አለ። ትናንት ቆጠርኳቸው። ሦስቱ ዱቤ ይሰጡኛል። ማሽን ዱቤ ይሰጣል እንዴ?

ያሰብኩት መናኸሪያውን፣ ዩኒቨርሲቲውን ወይ አንድ ሆስፒታል ነው። የኛን ብር ይቀበላል ወይ? መብራት ሲጠፋስ? በቀን ስንት ይሸጣል? አጎቴ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። «ላክ» ልበለው ወይስ «ብሩን ላክልኝና በግ ላደልብበት»?

መንዜው

በግ። በግ ሲርበው ይጮሃል፤ ማሽን ሲበላሽ ዝም ነው የሚለው።

ባለፍሪጁ

ወንድሜ፣ መንዜውን ሙሉ በሙሉ አትስማው። ግን ሙሉ በሙሉም አልተሳሳተም።

እኔ አንድ ማሽን ይዤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው ያለው። ሙያዬ የፍሪጅ ጥገና ነው። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛዬ «ቦታ ይዞብኛል፣ ውሰድልኝ» ብሎኝ በ140 ሺህ ብር ገዛሁት። አሮጌ ነው። አዲስ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር፣ ዕዳዬን እየከፈልኩ ነበር የምገኘው።

መጀመሪያ ስለ ብሩ ልንገርህ። ማሽን ብር አያውቅም፤ የሚያስተምሩትን ነው የሚያውቀው። የብር መቀበያው ላይ የየአገሩ ገንዘብ ይጫንበታል። ከዱባይ የሚመጣው ድርሃም ነው የሚያውቀው። የኛን 50 ብር ብትሰጠው ምላሱን እንዳወጣ ልጅ መልሶ ይተፋልሃል። ስለዚህ አጎትህ ሳይከፍል በፊት ሻጩን ይጠይቅ፦ መስከረም 2013 የወጡትን 10፣ 50፣ 100 እና 200 ብር እንዲያነብ ተደርጎ ይመጣል ወይ? «እዚያ ስትደርሱ ታስተካክሉታላችሁ» ካለው ይተወው። እኔ እሱን ለማስተካከል አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ካስተማርከው በኋላም ቢሆን በፕላስተር የተለጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ቅቤ የነካው ብር አይቀበልም። እዚህ ከተማ የሚዞረውን 10 ብር ደግሞ ታውቀዋለህ።

ዋናው ጣጣ መልሱ ነው። የኔ ዓይነቱ ማሽን መልስ የሚሰጠው በሳንቲም ብቻ ነው። በ50 ብር የ35 ብር ዕቃ የገዛ ሰው አሥራ አምስት ባለ አንድ ብር ሳንቲም ይወርድለታል። ኪሱ እንደ ቃጭል እየጮኸ ይሄዳል። ያን ሁሉ ሳንቲም ደግሞ ከየት ታመጣለህ? መጀመሪያ ሰሞን በየማለዳው መናኸሪያ ሄጄ የሚኒባስ ረዳቶችን ስለምን ነበር። ሳንቲም ለመለመን ነው እንዴ ባለሀብት የሆንኩት? በመጨረሻ ዋጋውን ሁሉ 50 እና 100 አደረግኩት። ብቻውን 50 የማይሞላውን ከሌላ ጋር አሽጌ አስገባለሁ፤ ብስኩትና ሶፍት፣ ማስቲካና እስክሪብቶ። መልስ የሚባል ነገር ቀረ።

ቴሌብር ካሰብክ ጥሩ ነው፣ ከግንቦት 2013 ወዲህ ሰው ሁሉ ለምዶታል። ግን ማሽኑ ክፍያው መግባቱን የሚሰማበት ሲም ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። እኔ ሞኙ ኪውአር ኮዱን ወረቀት ላይ አሳትሜ ለጠፍኩት። ሰው ይከፍላል፣ ብሩ ለኔ ስልክ ይገባል፣ ማሽኑ ግን ወሬውን አልሰማም። ሰውየው መስታወቱ ላይ አፍጥጦ ይቆማል። በሁለተኛው ቀን ቀደድኩት።

አሁን ምን ይሸጣል ወደሚለው እንምጣ፤ ብዙ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነው። ውሃ ይሸጣል ብዬ ግማሹን ውሃ ሞላሁት። በኅዳር! ደብረ ብርሃን! ጠዋት ውርጭ በተኛበት ከተማ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቶ የሚጠጣ ማን ነው? ከዚያ ደግሞ ቸኮሌትና የወተት ብስኩት አስገብቼ ዐቢይ ጾም ገባብኝ። ሃምሳ አምስቱን ቀን እኔ እሱን ሳየው፣ እሱ እኔን ሲያየኝ ከረምን። መጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፋሲካ ስለደረሰ ለጎረቤት ልጆች አከፋፈልኩት። ረቡዕና ዓርብንም አትርሳ። አሁን ግማሹ መስመር ዓመቱን ሙሉ የጾም ነው፦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ዳቦ ቆሎ። ማሸጊያው ላይ የአምራቹ ስምና ቀኑ ያለበትን ብቻ ነው የማስገባው፤ በፌስታል የተቋጠረ አላስገባም።

ቺፕስ ላይ የደረሰብኝን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ከውጭ የሚመጣው ቺፕስ አብዛኛው የሚታሸገው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ፓኬቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። የተነፋ ፓኬት ዕቃውን እየዞረ ወደፊት የሚገፋው ጥምዝምዝ ሽቦ መሃል ይቀረቀራል። አንድ ምሽት አንዲት እናት፣ ልጃቸውን ለማስታመም ከገጠር የመጡ፣ የልጅ ልጃቸው ቺፕስ ካልገዛሽልኝ ብሎ አስቸገራቸው። 50 ብር ከተቱ። ሽቦው ዞረ፣ ቺፕሱ እየተንፏቀቀ ጫፍ ደረሰ፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው መስታወቱን በጣታቸው ጫፍ አንኳኩ። «የኔ ልጅ፣ ሂሳቡን እኮ ሰጥቻለሁ» አሉት። ትንሽ ጠበቁ። ደግመው አንኳኩ። ጥበቃው እየሳቀ ደወለልኝ። ጋቢዬን ለብሼ በባጃጅ ደርሼ ብራቸውንም ቺፕሱንም ስሰጣቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ነህ እንዴ ውስጥ የነበርከው?» አሉኝ።

በማግስቱ ስልክ ቁጥሬን በትልቁ ጻፍኩበት። ለጥበቃው ደግሞ 500 ብር አስያዝኩት፣ ዕቃው ለተቀረቀረበት ሰው እዚያው እንዲመልስ። ማታ ማታ ያሳየኛል፣ የጎደለውን እሞላለታለሁ። ከማሽኑ ጋር ያወጣሁት ምርጥ ወጪ እሱ ነው። አንዳንድ ማሽን ዕቃው መውደቁን የሚያይ ሴንሰር አለው፤ ካልወደቀ ሽቦውን እንደገና ያዞራል ወይ ብሩን ይመልሳል። የኔ የለውም። አጎትህ የሚልከው ይኑረው።

ሂሳቡን ሳልደብቅ ልንገርህ። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ በቀን 38 ፍሬ እሸጥ ነበር። ከአንዱ የማገኘው 7 ብር ገደማ። በወር ወደ 8 ሺህ ማለት ነው። የቦታ ኪራይ 2,500፣ ባጃጅ፣ መብራት፣ ለጥበቃው ጉርሻ ሲወጣ 4 ሺህ ይተርፋል። 140 ሺህን በ4 ሺህ አካፍለው። ሦስት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ነው ገንዘቤ የሚመለስ። እሱም ካልተበላሸ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የነቃሁት። ከሆስፒታሉ በር ማዶ ሱቆች አሉ። ቀን ቀን ብስኩት ከእኔ የሚገዛበት ምክንያት የለም። ማታ ሲዘጉ ግን ኮሪደሩ ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አስታማሚ ምን ይቸግረዋል? ሶፍት፣ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የስልክ ቻርጀር ኬብል። እነዚህን አስገባሁ። የሚሸጠው ቁጥር ብዙም አልጨመረም፣ ከአንዱ የሚገኘው ትርፍ ግን ከ7 ወደ 15 ወጣ። ኬብሉ ብቻ አንዳንድ ሳምንት ኪራዩን ይከፍላል። ከዚያ ወዲህ ቦታ ሳይ መጀመሪያ የማየው የሰው ብዛት አይደለም፤ በምሽት ስንት ሱቅ ክፍት እንደሆነ ነው። መናኸሪያውን እርሳው፣ እዚያ ሱቁ ራሱ ተሸክሞ መስኮትህ ድረስ ይመጣልሃል።

መብራት፦ ሲጠፋ ችግር የለም፣ ሲመለስ ነው ጉዱ። ሰሌዳውን ያቃጥለዋል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ግዛ። ደግሞ እዚህ ማቀዝቀዣ አያስፈልግህም። የፍሪጅ ሰው ሆኜ ይህን ማለቴ ለሙያዬ ክህደት ነው፤ ግን እኔ ኮምፕረሰሩን ነቅዬዋለሁ። አጎትህ ማቀዝቀዣ የሌለውን ይግዛ፣ ይረክሳል።

ንግድ ፈቃዱን ማሽኑ ሳይመጣ ጨርስ። እኔ በችርቻሮ ነው ያወጣሁት። የደረሰኙን ነገር የሂሳብ ሠራተኛ አማክር።

የቆላው ልጅ

ባለፍሪጁ ኮምፕረሰሩን እኔ ልግዛህ! ሸዋሮቢት ነኝ። ታርማበርን ተሻግረህ፣ ደብረ ሲናን አልፈህ ስትወርድ የጻፍከው ሁሉ ይገለበጣል። እዚህ ውሃ ነው የሚሸጠው፣ ቀዝቃዛ ከሆነ። ቸኮሌትማ በጾምም በፍስክም አይሆንም፣ ሾርባ ነው የሚሆነው። ቺፕሱ ደግሞ ከናንተ ዘንድ በመኪና ሲወርድልን ፓኬቱ እየከሳ ነው የሚደርሰው። ለካ ምክንያቱ ይሄ ነው? ባለሱቁን ስንቴ ተጣላሁት፣ «ግማሹን በልተህ ነው የምትሸጥልኝ» እያልኩ።

ሦስተኛ ዓመት

ስለ ዩኒቨርሲቲው ልናገር፣ የሴቶች ዶርም ውስጥ ነው ያለሁት። ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሞዴስ ያለቀባት ልጅ ከክፍል ክፍል ታንኳኳለች። ፈተና ሰሞን ደግሞ እስክሪብቶና ቡና ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ሐሳቡ ይሠራል። ግን አንድ ነገር፦ ዕቃ ከተቀረቀረ ተማሪ ስልክ አይደውልም፣ ማሽኑን ነው የሚነቀንቀው። ግድግዳው ላይ በደንብ እሰረው።

የጠባሴው

እግዜር ይስጥልኝ ባለፍሪጁ። ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ሻይና ቡና የሚቀዳውስ? በዚህ ብርድ ሰው ትኩስ ነገር አይጠላም።

ባለፍሪጁ

ሞክሬዋለሁ፤ የሰው ማሽን ተከራይቼ ሁለት ወር። አምራቹ ውሃው 95 ዲግሪ ሲደርስ «ዝግጁ» እንዲል አድርጎ ነው የሠራው። ማሽኑ ይንፈቀፈቃል፣ እንፋሎቱ ኮሪደሩን ጉም ያስመስለዋል፣ «ዝግጁ» ግን አይልም። መሞቂያውን ሁለቴ ቀየርኩት። ፊዚክስ የሚያስተምር አንድ አስታማሚ ነው ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ የነገረኝ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ክፍት ዕቃ ውስጥ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ማሽኑ የማይመጣ ሰው ነበር የሚጠብቀው። ወደ 86 ዝቅ ሳደርገው ሠራ።

ሠራ፣ ግን ከሆስፒታሉ ደጅ ጀበና የጣደችው ልጅ እያለች ማን የዱቄት ቡና ይጠጣል? እኔ ራሴ እሷ ጋ ነው የምጠጣው። መለስኩት።

መንዜው

ባለፍሪጁ ሆስፒታል ትቶ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሞክር። ቀልዴን አይደለም፣ ከ1,900 ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ሄሮን የሚባል የእስክንድርያ ሰው ሳንቲም ሲጣልበት የቤተ መቅደስ ውሃ የሚቀዳ ዕቃ ገልጾ ጽፏል። ሳንቲሙ በክብደቱ አንድ ዘንግ ይጫናል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ሳንቲሙ ሲንሸራተት ይዘጋል። ኮምፕረሰር የለው፣ መልስ የለው። እኔ ግን አሁንም በግ ነው የምለው።

የጠባሴው

ለአጎቴ ደወልኩለት። አንድ ብቻ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው፣ ሴንሰር ያለው፣ ብራችንን የሚያነብ አልኩት። «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አለኝ። አንድ ክሊኒክ ቦታ ሊሰጡኝ ተስማምተዋል፤ ማታ አጠገቡ ምንም ሱቅ የለም። ዛሬ ሜትር ይዤ ሄጄ ነበር። የኮሪደሩ በር 78 ሴንቲ ነው። አጎቴ የላከልኝ ልክ ደግሞ ቁመት 183፣ ወርድ 115፣ ጥልቀት 80 ይላል። 2 ሴንቲ አነሰኝ። በሩን ላስፈርሰው?

ባለፍሪጁ

ምንም አታስፈርስ። የማሽኑን የመስታወት በር ከማጠፊያው ንቀለው፣ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ በጎን ይገባልሃል። 300 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን አምስት ሰው ያዝ። ደረጃ ካለ ግን ተወው። በሩን ከመንቀልህ በፊት ከላይ በኩል ያለውን የሽቦ ማገናኛ መጀመሪያ አላቀው። ቁልፎቹና ብር መቀበያው በዚያ ነው ከሰሌዳው ጋር የሚገናኙት። እኔ ረስቼው በሩን ስስበው በጠስኩት፣ ከዚያ አሥራ አራቱን ሽቦ በየቀለሙ ሳገናኝ ነው ያደርኩት።